«ለምን ኤዱኬሽን?»

ባለፈው ወር ስለ ቤት ቁጠባ ስጽፍላችሁ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት በዕቁብ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ምን ልናደርገው እንዳሰብን ሳልናገር አልፌ ነበር። ጥቂቶቻችሁ ጠይቃችሁኛል። መኪና አልገዛንም። የኮንዶሚኒየሙን ወጥ ቤትም አላሳደስንም። እኔ ማስተርስ ልማር አመልክቻለሁ።

«ኤምቢኤ ነው አይደል?» ስትሉ ይሰማኛል። አይደለም። የጎልማሶች ትምህርት ነው፤ በአጭሩ ኤዱኬሽን። ይህን ስናገር በሰው ፊት ላይ የሚታየውን ነገር አሁን አሁን ለምጄዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ዓመት «ኤዱኬሽን ደረሰኝ» ብላ ዶርም ውስጥ ሦስት ቀን ያለቀሰች ጓደኛ ነበረችኝ፤ እኛም አጽናናናት እንጂ «ምን ያስለቅስሻል?» አላልናትም። ማርኬቲንግ የደረሰን ልጆች ራሳችንን እንደ ዕድለኛ ነበር የምንቆጥረው። ታዲያ ዘጠኝ ዓመት በማርኬቲንግ ሠርቶ፣ ደመወዙም ደህና ሆኖ ሳለ፣ በገዛ ፈቃድ ወደ ኤዱኬሽን መሄድ ምን ይሉታል? ባለቤቴም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን አሳጠረው። «ደመወዝሽን ይጨምረዋል?» አለኝ።

«አይጨምረውም» አልኩት። ያን ማታ ብዙ አላወራንም።

ነገሩ የጀመረው ሲኒማ ራስ ነው። ቢሯችን እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የቤት ውስጥ ዕቃ አስመጥተን በጅምላ እንሸጣለን። ለማታውቁት፣ ሲኒማ ራስ ስሙን ከሲኒማ ቤት ያገኘ፣ አሁን ግን ይበልጡን ዕቃ በሚያወርድ፣ በሚጭንና በሚከራከር ሰው የሚታወቅ የመርካቶ ሰፈር ነው። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት መጀመሪያ የሚሰማኝ ድምፅ የተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» የሚለው ጩኸት ነው። እኔም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ። እናቴ ከቢሯችን ብዙም በማይርቅ ቦታ የፕላስቲክ ዕቃ ስትነግድ ነው ያሳደገችን፤ የእሷን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ አዲስ ምርት በራሪ ወረቀት አሳተምን። ሦስት ሺህ ቅጂ፣ ወፍራም ወረቀት፣ ባለቀለም። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። ጫኝና አውራጆቻችን በየካርቶኑ አንድ አንድ እንዲከቱ ተነገራቸው። በሳምንቱ ከቢሮው በታች ቆሎ ስገዛ እማማ በገዛ በራሪ ወረቀቴ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ከየት አገኙት?» ብላቸው «ልጆቹ ናቸው የሚሰጡኝ፤ ጠንካራ ወረቀት ነው፣ እግዜር ይስጣቸው» አሉ።

ተናድጄ ወደ መጋዘን ወረድኩ። የጫኞቹ አለቃ ሳይደናገጥ «እህቴ፣ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። አብረውት ከሚሠሩት አሥራ አራት ሰዎች ዘጠኙ ማንበብ አይችሉም። ከአርባ በላይ የዕቃ ዓይነት በካርቶኑ ቀለም፣ በሥዕሉና በፊደሉ ቅርፅ ለይተው ያውቃሉ። ሒሳብ በቃላቸው ይሠራሉ፤ በሞባይሌ ደምሬ ሳልጨርስ መልሱን ይነግሩኛል። ያን ወረቀት ግን አያነቡትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሚያነብ ሰው ስጽፍ ኖሬ፣ በየቀኑ «እንደምን አደራችሁ» የምላቸው ሰዎች ከአንባቢዎቼ ውጭ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

እናንተም ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ስለ ትምህርት ስንጨነቅ የምንጨነቀው ስለ ልጆች ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገሩ ሁሉ ጮኸ፤ መጮህም ነበረበት። ቤታችን ውስጥ ልብስ የሚያጥቡትን፣ በራችንን የሚጠብቁትን፣ ዕቃችንን የሚሸከሙትን ትልልቅ ሰዎች ግን «አንብቡ እስኪ» ያላቸው የለም። «እነሱማ አልፏቸዋል» እንላለን።

ማስተማር ጀመርኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ምድር ቤት ባለው ማሳያ ክፍላችን ውስጥ። ዋይት ቦርድ ገዛሁ፣ ማርከር ገዛሁ፣ ከልጄ መዋዕለ ሕፃናት የማውቀውን ባለሥዕል የፊደል ገበታ ለጠፍኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው መጣ። በሦስተኛው አምስት። በስድስተኛው አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ፣ ከሁሉም የሚበልጡ ጋሼ። እሳቸውም ገበታውን አይተው «ልጄ፣ ይህንኑ የልጅ ልጄ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ እሷ ናት የምታስጠናኝ» አሉኝ፤ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የተረዳሁት። ፓውሎ ፍሬይሬ የሚባል ብራዚላዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 አንዢኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብና መጻፍ ያስጀመረ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ አሰሩት፤ ከዚያም ተሰደደ። ከእኔ የሚለየው (ሌላውን ልዩነት ተዉትና!) በፊደል ገበታ አለመጀመሩ ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ በየቀኑ የሚናገሯቸውን ቃላት ይሰበስባል፤ ሸክላ ጡብ ለሚደረድር ሰው «ጡብ» የሚለውን ቃል ይሰጠዋል፣ ስለ ጡቡና ስለ ኑሮው ያወያየዋል፣ ከዚያ ቃሉን ይከፋፍለዋል። እኔ ካርቶን ሲሸከም ለዋለ ሰው የሀ ሐመልማል፣ የለ ለውዝ እያልኩ ነበር።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የእኛው አገር በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀምሮ፣ በ15 ቋንቋዎች መጻሕፍት አሳትሞ፣ ተማሪውንና መምህሩን በየገጠሩ አሰማርቶ አስተምሯል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። የሚገርመው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመውም በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከላይ ማስተርስ፣ ከታች ሀ ሁ፤ አንድ ላይ የተጀመሩ ናቸው ማለት ይቻላል። የላይኛው እያደገ ሄደ። የታችኛውን የተማሩት ብዙዎቹ ግን በኋላ የሚያነቡት ነገር ስላልነበራቸው ያወቁትን ረሱት። እናቴ ከእነሱ አንዷ ናት።

ወደ ማመልከቻው ልምጣ፤ ከመካከላችሁ እንደ እኔ በዘገየ ዕድሜ ለመማር የምታስቡ ስላላችሁ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ይጠቅማል። ቀዳሚው ነገር የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ይቀበላችሁ እንደሆነ ክፍሉን ራሱን መጠየቅ ነው። እኔ ቢዝነስ ተምሬ ኤዱኬሽን ስጠይቅ ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ለሁለት ወር አራዘምኩት። በመጨረሻ ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሄጄ ጠየቅሁ። የሳቀብኝ ሰው የለም። ያነጋገሩኝ መምህር የጠየቁኝ «ከጎልማሶች ጋር ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ነው። «ስድስት ቅዳሜ» አልኳቸው። «ጥሩ፤ የከሸፈበትን ምክንያት ጻፊው» አሉኝ። እንደከሸፈ እኮ አልነገርኳቸውም! የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት የሚባለው ዘርፍ አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ እዚያ ጠይቁ።

ሁለተኛው ትራንስክሪፕት ነው። የተመረቅሁበት ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ውጭ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ካልተላከ አይቆጠርም። ኮፒው እጃችሁ ላይ ስላለ አትዘናጉ። የእኔ አምስት ሳምንት ፈጅቷል፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ሳምንት «ፊርማ ላይ ነው» የተባልኩበት ነው። ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ዛሬ ጠይቁ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁንም እንዲሁ። አንዱን ከመሥሪያ ቤት አለቃዬ ነው ያጻፍኩት። ደብዳቤውን እያጻፉ «ልትለቂን ነው እንግዲህ» ማለት ስለማይቀር፣ ሥራችሁን ሳትለቁ መማር ከፈለጋችሁ ማስታወቂያው ላይ ሬጉላር እና ኤክስቴንሽን የሚለውን ለይታችሁ አንብቡና መልስ ይዛችሁ ግቡ።

ከዚያ ፈተናው አለ። ቀድሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋት የሚባል የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጥ ነበር፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ አድርጎታል። በእንግሊዝኛ ነው፤ የቋንቋ ችሎታም፣ የሒሳብም፣ የማመዛዘንም ጥያቄ አለው። እኔን ያስፈራኝ ሒሳቡ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ክፍልፋይና ፐርሰንት እንደ አዲስ እያጠናሁ ነው፤ የአራት ዓመቷ ልጄ ደግሞ መልመጃ ደብተሬ ላይ የዶሮ ሥዕል ትሥልበታለች። ባለቤቴ ሰዓት ይይዝልኛል። አዎ፣ እሱ ቀስ በቀስ ተመልሷል። እንዴት እንደተመለሰ ደግሞ ከማመልከቻው ሁሉ ከከበደኝ ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

የከበደኝ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። ለምን መማር እንደፈለጋችሁ የምትገልጹበት፤ ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ ይሉታል። ሥራዬ መጻፍ ስለሆነ በአንድ ማታ ጨረስኩት። አምሮ ነበር። «የአገራችንን የሰው ኃይል ልማት» የሚል ነበረበት፣ «ቁርጠኛ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ፣ «ራዕይ» ሦስት ጊዜ። ባለቤቴ አንብቦ «ይሄ ያ በራሪ ወረቀት ነው» አለኝ። ልቤ ቢቆስልም ልክ ነበር። የምሸጠው ዕቃ ራሴ ሆኜ ስለራሴ ያወጣሁት ማስታወቂያ ነበር።

ቀደድኩትና ስለ እናቴ ሱቅ ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከሱቁ አከራይ ጋር የውል ማደሻ ጊዜ ደርሶ ወረቀት መጣላት። ፈረመች። ከሦስት ወር በኋላ ወረቀቱ የሱቁን ግማሽ ለሌላ ተከራይ ለመልቀቅ መስማማቷን የሚገልጽ ሆኖ ተገኘ። ፊርማው የራሷ ስለሆነ የሚከራከርላት አልተገኘም። ያን ዓመት ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ፤ እኔ ቀጠልኩ። እናቴ ማንበብ ባለመቻሏ ሱቋን አጣች፤ እኔም ለዚህ ነው የጎልማሶች ትምህርት ልማር የምፈልገው ብዬ ደመደምኩ። ባለቤቴ ይህኛውን አንብቦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በማግስቱ የዕቁቡን ብር ጉዳይ እሱ ራሱ አነሳው። «የወጥ ቤቱ ይቆይ» አለ።

ስለ ሰው ከጻፋችሁ ለባለቤቱ ማሳየት ወግ ነውና እሑድ እናቴ ቤት ሄጄ አነበብኩላት። ቡናው እስኪፈላ ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «እንዲህ አይደለም» አለች።

«ምኑ ነው ያልሆነው እማዬ?»

«ማንበብ ስላልቻልኩ አይደለም። አንቺ እኮ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ነበርሽ። ከካርቶኑ ኋላ ተቀምጠሽ ታጠኚ ነበር። ሰውየው ራሱ «ልጅሽ ታንብብልሽ» ብሎኛል።»

አላስታውስም። ዛሬም ልቤን ብመረምር አላስታውስም።

«አነባለሁ አልኩት» አለች። «ወረቀቱን ይዤ ዓይኔን ከላይ እስከ ታች አወረድኩት፣ እንደሚያነብ ሰው። ሰው ነበራ፤ ደንበኛ ቆሟል። አንቺም አለሽ። ስሜን መጻፍ እችላለሁ፤ ጻፍኩለት።»

እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ዘመቻ ነው፤ ገጠር፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ። ሰርተፊኬቷ እስከ ዛሬ ከሠርግ ፎቶዋ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አለ። ከተማረችው ሁሉ ስሟ ብቻ ነው የቀራት። በእሱም ፈረመችበት።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር «እናቴ ስላልተማረች» እያልኩ ነበር። እሷ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን አለመጥራቷን እያሰበች ኖራለች። ተናድጄባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን እንደመለስኩላት አልጽፈውም፤ ደህና መልስ አልነበረም። ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ፤ «ፊደል የቆጠርኩ» መሆኔን ቤት ውስጥ ሳላስታውሳቸው የማውል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የማነበው፣ እንግሊዝኛውን በተለይ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼን መጋዘን በር ላይ አገኘኋቸው። «እነዚያ ልጆች ለምንድን ነው የቀሩት?» አልኳቸው። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

«መስታወቱ ነዋ» አሉ፤ ይህን አለማወቄ እየገረማቸው።

የማሳያ ክፍላችን ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት ነው። ዕቃው ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ እኔው ነኝ ያስደረግሁት፤ መብራቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ሲኒማ ራስ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የጭነት መኪና የሚጠብቀው፣ ሸምቶ የሚመለሰው፣ የሌላ ድርጅት ተሸካሚዎች፤ ሰው ሁሉ ያያል። አንድ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ መንገዱ ሁሉ በጉልበቱ የሚያከብረው፣ የሕፃን ፊደል ገበታ ሥር ተቀምጦ በዚያ ሁሉ መብራት።

ማመልከቻዬን ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩት። በዚህኛው ውስጥ ራዕይ የለም። የከሸፈውን ክፍል እንዳለ አስቀመጥኩት፤ መስታወቱን፣ ገበታውን፣ ሐመልማሉን። ከእናቴም አስፈቅጄ የሱቁን ነገር እሷ እንደነገረችኝ አድርጌ አስተካከልኩት። መጨረሻው ላይ የጻፍኩት መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው «ይህን አላውቅም» ሲል የማያፍርበት ክፍል እንዴት ይሠራል? ይህን ነው መማር የምፈልገው አልኩ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። የመስክ ልምድ ሊሉት ይችሉ እንደሆነ እንጃ፤ አስገብቼዋለሁ። ፈተናው ገና ነው፤ ካለፍኩ እነግራችኋለሁ፣ ከወደቅሁም እነግራችኋለሁ።

ቅዳሜውን ግን ወደ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከካርቶን ክምሩ ኋላ አዛውረነዋል። መብራቱ ደካማ ነው፤ ወንበርም የለም፤ ካርቶን ላይ ነው የምንቀመጠው። ስድስት ሰው መጥቷል። ገበታውን አውርጄ ለልጄ ሰጠኋት። የጀመርነው በየካርቶኑ ላይ ከተጻፈው «ተሰባሪ» ከሚለው ቃል ነው። እስከዚያ ቀን በብርጭቆው ሥዕል ነበር የሚያውቁት። ወዲያው ክርክር ተነሳ፤ ሲሰበር ከማን ደመወዝ ነው የሚቆረጠው፣ ያን የሚለው የት ነው የተጻፈው፣ ወረቀቱስ የት አለ የሚል። አለቃዬ ይህን ዓምድ ካነበበ ሰኞ መነጋገር ሊኖርብን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴም መጣች። «ቡና ላፈላላቸው ነው» አለች፤ ጀበናውንና ሲኒውን በዘንቢል ይዛ። ምድጃውን ከሁሉም ኋላ፣ ግን ቦርዱ በሚታይበት በኩል አደረገችው። ማንም ምንም አልጠየቃትም።